ተከራይዎ «እጮኛዬ ከነውሻዋ ትግባ» ሲልዎት፦ ከመጀመሪያው መልስ እስከ ተፈረመ ማሻሻያ

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኪራይ በተከፈለበት ቀን ነው። ተከራዩ የባንክ ደረሰኙን በስልክ ይልክና «እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር፤ እጮኛዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አብራኝ ልትኖር ነው። አንዲት ትንሽ ውሻም አለቻት» ይላል። ልጁ ጨዋ ነው፤ በጊዜ ይከፍላል። «ምን ችግር አለው፣ ትምጣ» ይባላል።

በእኔ ግቢ ይኸው ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ ታንከሩ ሳምንት አልደርስ አለ፤ በሩ ተቧጭሯል፤ የጎረቤት ሕፃን ውሻውን ፈርቶ መጸዳጃ ቤት መሄድ አቆመ። በመጨረሻ ልጁ ከእጮኛው ጋር ተጣልቶ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ስሟ በየትኛውም ወረቀት ላይ የሌለ ሴትና አንድ ውሻ ቀሩ። እርሷም ተጨንቃ ነበር፤ እኔም ማንን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የምከተለው ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ያለው ነው። የተጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም፣ ሙሉ ግቢ ወይም ሰርቪስ ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች ነው። ደረጃዎቹን አይዝለሉ፤ በተለይ ከ1 እስከ 3 ያሉትን።

ከመጀመርዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ነገሮች

- ከተከራዩ ጋር የተፈራረማችሁት ውል፣ በወረዳ የተመዘገበው ቅጂ
- ቤቱን ሲረከብ የተጻፈ የዕቃና የቤት ሁኔታ ዝርዝር፤ ከሌለ አሁኑኑ ፎቶ አንስተው ያዘጋጁ
- ያለፉት 3 ወራት የውሃና የመብራት ደረሰኞች
- ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሕንፃው ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ

ውሉ የቃል ከሆነ እዚህ ይቁሙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በተቆጣጣሪው አካል (የኪራይን ጉዳይ በሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። የሌለ ውል ማሻሻል አይቻልም። መጀመሪያ ዋናውን ውል ይጻፉ፤ ያስመዝግቡ፤ ከዚያ ወደዚህ ይመለሱ።

ደረጃ 1፦ «እሺ»ም «እምቢ»ም አይበሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የተነገረች አንዲት «ችግር የለም» ተከራዩ ዘንድ እንደ ፈቃድ ትቆጠራለች፤ በማግሥቱ ሻንጣና የውሻ ሳህን ይገባል። በችኮላ የተነገረ «አይሆንም» ደግሞ ደህና ተከራይን ያስቀይማል፤ አንዳንዱም ተደብቆ ያስገባል፤ ተደብቆ የገባ ሰው ከታወቀ ነዋሪ ይልቅ ያስቸግራል።

በዚያው ቀን በጽሑፍ መልእክት እንዲህ ይመልሱ፦

«ሰላም ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። የእጮኛህንም የውሻዋንም ጉዳይ በደንብ ላየው እፈልጋለሁ። የምልክልህን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስልኝ። መልስህ በደረሰኝ በ7 ቀን ውስጥ ውሳኔዬን አሳውቅሃለሁ። እስከዚያ ዕቃም ውሻም አይግባ።»

7 ቀን ካሉ በ7ኛው ቀን ይመልሱ። በሌላኛው ጫፍ ያለችው ሴት የራሷን ኪራይ ልትለቅ ቀን ተቆርጦባት ሊሆን ይችላል። የእርስዎ መዘግየት እርሷን ከነዕቃዋ መንገድ ላይ ያስቀራታል።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ለሁለት ይክፈሉት

ተከራዩ ያቀረበው አንድ ጥያቄ ቢመስልም ሁለት ነው። የሰው ጉዳይ ከውል፣ ከኃላፊነትና ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። የእንስሳ ጉዳይ ከጤና፣ ከጎረቤትና ከቤቱ ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው። አንዱን ፈቅደው ሌላውን መከልከል ይችላሉ፤ ይህን ለተከራዩም ከመጀመሪያው ይንገሩት። እነዚህን ጥያቄዎች ይላኩለት።

ስለምትገባው ሰው፦

- በመታወቂያ ላይ ያለ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የሥራ ሁኔታ
- ከመቼ ጀምሮ? ለዘለቄታው ነው ወይስ ለተወሰነ ጊዜ?
- ከኪራዩ የተወሰነውን እርሷ ትከፍላለች?
- ከእርሷ ጋር የሚመጣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ወይም የቤት ሠራተኛ አለ?
- ትልልቅ ዕቃ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ምድጃ ወይም መኪና አለ?

አራተኛውን ጥያቄ እንዳይረሱ። «እጮኛዬ» ተብሎ የተጀመረው ጉዳይ ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣች ታናሽ እህትን ሊያስከትል ይችላል። ቤተሰብን መርዳት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ለ1 ሰው የተከራየ ቤት 4 ሰው ሲኖርበት አከራዩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለእንስሳው፦

- ውሻ ነው ድመት? ዕድሜው፣ መጠኑ፣ ጾታው?
- የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ አለው? መጨረሻ የተከተበው መቼ ነው?
- እንዳይወልድ ተደርጓል?
- የት ያድራል? ሁለቱም ሥራ ሲውሉ ማን ይጠብቀዋል?
- ለጉዞ ቢሄዱ ወይም ቢለያዩ እንስሳውን የሚረከብ ሰው ማን ነው?

መልሱ በቃል ከመጣ በጽሑፍ እንዲልክ በትሕትና ደግመው ይጠይቁ። በኋላ ክርክር ቢነሳ የሚያግዝዎት ይህ ጽሑፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ቤቱ ይችላል ወይ? በቁጥር ይመልከቱ

ስሜትዎን ለጊዜው ያቆዩና ግቢውን ይዙሩ።

ውሃ። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከሩ ስንት ሊትር ነው? ባለ 1,000 ሊትር ታንከር 5 ሰው ሲጠቀምበት ለአንድ ሰው 200 ሊትር ይደርሳል፤ ውሃ ለ5 ቀን ከጠፋ በቀን 40 ሊትር ማለት ነው። ስድስተኛ ሰው ሲጨመር ወደ 33 ሊትር ይወርዳል፤ ውሻ ማጠብና ግቢ ማጽዳት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠርተው ለተከራዩ ያሳዩት። በቁጥር የተነገረ ምክንያት ሰውን አያስቀይምም።

መብራት። የራሱ የካርድ ቆጣሪ ካለው እዚህ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ግቢው አንድ ቆጣሪ የሚጋራ ከሆነ ግን የመብራት ታሪፍ በእርከን እንደሚያድግ ያስታውሱ፤ ፍጆታው ከፍ ወዳለ እርከን ሲሸጋገር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ከነምድጃው ሲጨመር ሌሎቹም ተከራዮች ከበፊቱ የበለጠ ይከፍላሉ። ክፍፍሉ በክፍል ቁጥር ከነበረ ወደ ሰው ቁጥር መቀየሩን ከሁሉም ጋር ተነጋግረው ይወስኑ፤ አለበለዚያ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ።

መጸዳጃ ቤት። የጋራ ከሆነ ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ጉድጓዱ በየስንት ጊዜ ይመጠጣል?

ደንብ። ኮንዶሚኒየሞች በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የራሳቸው ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ ይኖራቸዋል። ደንቡ ስለ እንስሳት የሚለው ካለ ከእርስዎ ፈቃድ በላይ ነው። ደንቡን ሳያዩ ከፈቀዱ በኋላ ኮሚቴው «ይውጣ» ቢል ተከራዩ የሚወቅሰው እርስዎን ነው።

ደረጃ 4፦ ከምትገባው ሰው ጋር በአካል ይገናኙ

በተከራዩ በኩል ብቻ አይጨርሱ። እርሷ ራሷ ትምጣ፤ ቤቱን ትይ፤ የግቢውን ሥርዓት ከእርስዎ አፍ ትስማ። ቡና አፍልተው ቢቀበሏት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ አብራችሁ ልትኖሩ ነውና። መታወቂያዋን ይመልከቱ፤ የቀበሌም ሆነ የፋይዳ ቅጂ ይያዙ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን አይጠይቁ። ሊጋቡ ነው፣ ተጋብተዋል፣ መቼ ነው ሽማግሌ የሚላከው የሚለው የእነርሱና የቤተሰባቸው ጉዳይ ነው። እርስዎን የሚመለከተው ማን እንደሚኖር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖርና ማን ኃላፊ እንደሆነ ነው።

ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር ይወስኑ፦ በውሉ ላይ የሚኖራት ቦታ ምንድን ነው? ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው፣ ሁለተኛ ተከራይ ሆና መግባት ነው። ትፈርማለች፤ መብትም ግዴታም አላት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 መሠረት ከአንድ በላይ ባለዕዳዎች ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው። ይህም ማለት አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሙሉውን ከሌላው መጠየቅ ይችላሉ። በአንጻሩ እርሱ ቢወጣ እርሷ ቤቱን ይዛ የመቀጠል መብት ይኖራታል።

ሁለተኛው፣ የተፈቀደላት ነዋሪ ሆና መግባት ነው። ተከራዩ እርሱ ብቻ ሆኖ ይቀጥላል፤ ስሟና የምትቆይበት ጊዜ ግን በጽሑፍ ይሰፍራል።

ብዙ አከራዮች «መብት እንዳይኖራት» ብለው ሁለተኛውን ይመርጣሉ። እኔ አልስማማም። ለ2 ወይም ለ3 ወር የምትመጣ እንግዳ ከሆነች ነዋሪ ትሁን። ለዘለቄታው የምትኖርና ከኪራዩ የምታዋጣ ከሆነች ተከራይ ትሁን። ዓመት ሙሉ እየከፈለች የኖረችን ሴት «አንቺን አላውቅሽም» ማለት ለእርሷ በደል ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ ቤት ውስጥ ካለች፣ ምንም ካልፈረመች ሰው የሚጠይቁት ነገር አይኖርዎትም።

ደረጃ 5፦ እንስሳውን በዓይንዎ ይዩ

«ትንሽ ናት፣ አትጮህም» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። የአራት ወር ቡችላ ሁሉ ትንሽ ነው። ባለችበት ሄደው ወይም ወደ ግቢው በማሰሪያ ይዘዋት መጥተው ለ20 ደቂቃ ያህል ይመልከቷት፦ እንግዳ ሲገባ ምን ታደርጋለች? ልጅ አጠገቧ ሲሮጥስ? ባለቤቷ ስትጠራት ትሰማለች?

የክትባት ካርዱን በእጅዎ ይዘው ያንብቡ። ቀን፣ የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማና ማኅተም፣ የሚቀጥለው ክትባት ቀን ይኑሩበት። ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ካርድ ከሌለ ቀላል ነው፦ ከመግባቷ በፊት ትከተብ። በዚህ ነጥብ ላይ ለማንም አይለሳለሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ውሻው ከተከተበ ግን በሽታው በእርሱ በኩል ወደ ግቢዎ የመግባት ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል።

ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ሁለቱን በመጀመሪያው ቀን ግቢ ውስጥ አያገናኟቸው። ከበር ውጭ፣ ሁለቱም ታስረው፣ በርቀት ይተያዩ፤ በተለያየ ሳህን ይብሉ። አንዷ ሴት ከሆነችና እንዳትወልድ ካልተደረገች ከጥቂት ወራት በኋላ ግቢው በቡችላ ይሞላል። ይህን አሁን ይነጋገሩበት።

ድመት ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ከክትባቱ ሌላ የሚጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያጸዳው ብቻ ይወሰን። በግቢው ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ሳጥኑን እርሷ እንዳትነካ ይደረግ።

ጎረቤቶችን ከመፍቀድዎ በፊት ያናግሩ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። የሚሰግድ ሙስሊም ጎረቤት የውሻ ምራቅ ልብሱን ቢነካው ማጠብ ይኖርበታል። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናት ነጠላቸው ላይ ውሻ ሲዘልባቸው አይወዱም። ሌሊት የሚሠራ ነርስ ቀን መተኛት አለበት። ሁሉም ውሻ ይጠላሉ ማለት አይደለም፤ ቀድመው ከተጠየቁ «ታስራ ትዋል እንጂ ግድ የለም» የሚሉ ሰዎች ሳይጠየቁ ከገባች ግን አይቀበሏትም።

ደረጃ 6፦ ይወስኑና ምክንያቱን ይጻፉ

ሊሰጧቸው የሚችሏቸው መልሶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ሁለቱም ይግቡ።
ለ. እርሷ ትግባ፤ ውሻዋ ለ60 ቀን ሙከራ ትግባ።
ሐ. እርሷ ትግባ፤ ውሻዋ አትግባ።
መ. ሁለቱም አይቻልም።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ «ለ»ን እመርጣለሁ። የሙከራ ጊዜው ለሁሉም ፍትሐዊ ነው፤ የውሻዋን ጠባይ የሚያሳየው ከባለቤቷ ቃል ይልቅ ኑሮው ነው። ግን ሙከራ ሲሉ መለኪያውን አብረው ይናገሩ፦ ከ2 የበለጠ የጽሑፍ ቅሬታ ከጎረቤት ካልመጣ፣ ሰው ካልነከሰች፣ ቤቱ ካልተጎዳ ትቀጥላለች። መለኪያ የሌለው ሙከራ የአከራዩ ስሜት ጥገኛ ነው፤ ተከራዩም ያንን ያውቃል።

እምቢ ካሉ ምክንያቱ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። «ታንከሩ 1,000 ሊትር ነው፣ 6 ሰው ነን፣ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው» የሚል መልስ ተከራዩ ባይወደውም ይረዳዋል። ስለ ሴትየዋ አለባበስ፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት አንድ ቃል አይውጣዎት፤ በልብዎ ያለው ምክንያት እርሱ ከሆነ ደግሞ ውሳኔዎን እንደገና ያስቡበት።

ደረጃ 7፦ የገንዘቡን ነገር በሕግ ልክ ይያዙ

እዚህ ላይ ደላላ ወይም ጎረቤት «ሰው ከተጨመረ ኪራይ ይጨመራል» ብሎ ሊመክርዎት ይችላል። አይስሙ። በኪራይ አዋጁ (1320/2016) መሠረት የኪራይ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው። «የእጮኛ ጭማሪ» ወይም «የውሻ ኪራይ» ብለው በእጅ የሚቀበሉት ገንዘብ ነገ ችግር ይሆንብዎታል። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ስለዚህ «የውሻ መያዣ» ብለው ሦስተኛ ወር አይጠይቁ።

ማስተካከል የሚችሉት እውነተኛውን ወጪ ነው፦ የውሃና የመብራት ድርሻ በሰው ቁጥር፣ የጉድጓድ ማስመጠጫና የጽዳት ድርሻ። ደረሰኙን እያሳዩ ያካፍሉ። ለውሻዋ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ የጥገና ግዴታ ያስፈርሙ፦ የተቧጨረ በር፣ የተበላ የበር መቃን፣ የተበላሸ ቀለም በተከራዮቹ ወጪ ወደነበረበት ይመለሳል።

ደረጃ 8፦ ማሻሻያውን ይጻፉ፣ ያስፈርሙ፣ ያስመዝግቡ

ደረጃ 1ን ያስታውሱ፤ የቃል «እሺ» በቂ አይደለም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1722 በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው ይላል። አንቀጽ 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ ሁሉ እንዲፈርሙበትና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ዋናው ውል በጽሑፍ ከሆነ ማሻሻያውም በጽሑፍ፣ በፊርማና በሁለት ምስክር ይሁን።

ረጅም መሆን የለበትም። የሚከተለውን እንደ መነሻ ይውሰዱ፤ ሁኔታዎ የተወሳሰበ ከሆነ ጠበቃ ያሳዩት።

«በአከራይ ……… እና በተከራይ ……… መካከል በ……… ዓ.ም. የተደረገው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል እንደሚከተለው ተሻሽሏል።

1. ወይዘሪት ……… ከ……… ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ተከራይ ሆነው ውሉን ተቀላቅለዋል። ሁለቱ ተከራዮች ለኪራዩና ለውሉ ግዴታዎች በሙሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው።

2. በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች 2 ናቸው። ከ15 ቀን በላይ የሚቆይ ተጨማሪ ሰው ሲኖር ተከራዮቹ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቃሉ።

3. ተከራዮቹ ስሟ ………፣ ቀለሟ ……… የሆነች አንዲት ውሻ እንዲይዙ ተፈቅዷል። ፈቃዱ ለዚህች ውሻ ብቻ ነው፤ ለሌላ እንስሳ ወይም ለምትወልዳቸው ቡችላዎች አያገለግልም።

4. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካርዱ ለአከራይ ይቀርባል። ውሻዋ በጋራ ቦታ ሁሉ በማሰሪያ ትያዛለች፤ እዳሪዋ ወዲያው ይነሳል።

5. ውሻዋ በቤቱ ወይም በሦስተኛ ወገን ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ተከራዮቹ ኃላፊ ናቸው።

6. የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት የሙከራ ጊዜ ናቸው። መለኪያዎቹ፦ ………

7. ከተከራዮቹ አንዱ ቤቱን ለቅቆ ሲወጣ የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቁልፍ ይመልሳል፤ እስከዚያ ቀን ያለውን ሒሳብ ይዘጋል።

8. ተከራዮቹ በማይኖሩበት ጊዜ ውሻዋን የሚረከቡት ………፣ ስልክ ………

9. ያልተሻሻሉት የውሉ ክፍሎች እንደጸኑ ይቀጥላሉ።»

ሦስተኛውን አንቀጽ «እንስሳ ተፈቅዷል» ብለው በጥቅሉ አይጻፉት። በጥቅል የተጻፈ ፈቃድ በሚቀጥለው ዓመት ለትልቅ ጠባቂ ውሻም ያገለግላል።

በ4 ቅጂ ያትሙ፦ ለአከራይ፣ ለሁለቱ ተከራዮች ለየራሳቸው፣ ለወረዳው። ዋናው ውል ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ወስደው ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ያድርጉ። ምስክሮቹ ከሁለቱም ወገን ቢሆኑ ይመረጣል፤ የእርስዎ ልጅና የእርስዎ ወንድም ብቻ አይሁኑ።

ደረጃ 9፦ የመግቢያው ቀን

ፊርማው ካለቀ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ዕቃ አይግባ። በዕለቱ ከሁለቱም ጋር ሆነው ክፍሎቹን ይዙሩ፤ በሮቹን ከታች በኩል፣ የበር መቃኖቹን፣ ወለሉንና መጋረጃዎቹን ፎቶ ያንሱ። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ በወረቀት ላይ ይጻፉና ሦስታችሁም ይፈርሙበት። ለእርሷ የራሷን ቁልፍ ይስጧት። ከጎረቤቶች ጋር ራስዎ ያስተዋውቋት።

ደረጃ 10፦ በ2ኛውና በ8ኛው ሳምንት ይጠይቁ

በ2ኛው ሳምንት ጎረቤቶችን «እንዴት ነው?» ይበሉ። በ8ኛው ሳምንት ከተከራዮቹ ጋር ተቀምጠው የሙከራውን ውጤት በአንድ አንቀጽ ይጻፉ፦ ትቀጥላለች ወይም እስከዚህ ቀን ሌላ ቦታ ይፈለግላት። ሙከራው ሳይነገር እንዲያልፍ አይፍቀዱ፤ ዝምታ በተከራዩ ዘንድ ፈቃድ ሆኖ ይተረጎማል።

ነገሩ ሲበላሽ

አስቀድማ ገብታ ካገኟት። ቁልፍ አይቀይሩ፣ ውሃ አይዝጉ፣ መብራት አያቋርጡ። ተከራይ ከቤት የሚወጣባቸው ምክንያቶች በአዋጁ የተዘረዘሩ ናቸው፤ «ነገ ውጡ» ማለት ክሱን በእርስዎ ላይ ያዞረዋል። ተከራዩን ጠርተው ከደረጃ 2 ይጀምሩ፤ ለመፈረም የ10 ቀን ጊዜ በጽሑፍ ይስጡት። ውሻዋ ካልተከተበች በዚያው ሳምንት ትከተብ። ያለ ምክንያት ለመፈረም እምቢ ካሉ ጉዳዩን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት።

ውሻዋ ሰው ከነከሰች። ክርክሩን ያቆዩት። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቅጠል መቀባትና ባህላዊ መድኃኒት መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። ሐኪሙ ያዘዘው ክትባት ብዙ ዙር ቢሆንም አንዱም እንዳይቀር። ውሻዋን አትግደሉ፤ ታስራ ለ10 ቀን ትታይ፤ የክትባት ካርዷን ለሐኪሙ ያሳዩ። ወጪው የባለቤቷ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከቁጥጥሩ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊ ነው ይላል።

ቀኑን ሙሉ የምትጮህ ከሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ብቸኝነት ወይም አጭር ሰንሰለት ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ፣ በር ፊት ለፊት እንዳትታሰር፣ ቀን የሚያያት ሰው እንዲኖር ይጠይቁ። የምትጮኽባቸውን ሰዓታት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ፤ «ሁልጊዜ ትጮኻለች» ከሚለው ቅሬታ ይልቅ «ከ3 እስከ 6 ሰዓት» የሚለው መፍትሔ ያመጣል።

ጥንዶቹ ከተጣሉ። ወገን አይያዙ፤ የሁለቱንም ስልክ ያንሱ። ሁለቱም በውሉ ላይ ካሉ አንዱ «እርሱን አታስገቢው» ወይም «ቁልፉን ቀይሪልኝ» ቢል በራስዎ አይወስኑ። የሚወጣው ሰው በማሻሻያው አንቀጽ 7 መሠረት ጽፎ ይፈርም፤ የሚቀረው ብቻውን መክፈል መቻሉን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ሁለተኛ ማሻሻያ ይጻፉ። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ግን ወረቀቱን ይተዉና ፖሊስ ይጥሩ፤ የተጎዳውን ሰው ለዚያች ሌሊት የሚያስጠጋ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይፈልጉ።

ወጥተው ውሻዋን ትተው ከሄዱ። በማሻሻያው አንቀጽ 8 ስሙ የተጻፈውን ሰው በዚያው ቀን ይደውሉለት። እርሱ እስኪመጣ ውሃና ምግብ ይስጧት፤ በር ከፍተው ወደ ጎዳና አያባርሯት። ባለቤት የሌለው ያልተከተበ ውሻ በሚቀጥለው ወር የሰፈሩን ልጅ ሊነክስ ይችላል። ሰውየው ካልመጣ የከተማውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በወረዳው በኩል ያግኙ፤ የቀለብና የክትባት ደረሰኞችን ይያዙ፤ ከመጨረሻው ሒሳብ ጋር አብረው ይቀርባሉ።